መርፌው ይቅርና ኳሱ ይገዛ

ከማኅበራችን አባላት መካከል በማጅራቱ፣ በትከሻው ወይም በወገቡ ወራት ያስቆጠረ ሕመም ይዞ የማይዞር ሰው ቢፈለግ የሚገኘው ጥቂት ነው። በቅርቡ ባደረግነው ጠቅላላ ስብሰባ ስለ ጤና ኮሚቴው ሥራ ውይይት ሲከፈት ይህ ጉዳይ ሳይታሰብ ረጅም ሰዓት ወሰደ። ሦስት ሐሳቦችም ቀረቡ። አንደኛው፣ እሑድ እሑድ ወደ ማኅበሩ ክፍል ለሚመጡት በሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶቻችን የሕክምና ተማሪዎች የጡንቻ መርፌ እንውጋላቸው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ይህ ሁሉ «የፈረንጅ ወጌሻነት» ስለሆነ የሕክምና ተማሪ ሊቆምለት አይገባም ይላል። ሦስተኛው ደግሞ፣ እህቶቻችንን የሚያማቸው ጡንቻቸው ሳይሆን ኑሯቸው ነው፤ ማሸት ማለት ጭነቱን ሳያወርዱ አህያዋን ማባበል ነው የሚል ነበር። ስብሰባው ውሳኔ ሳይሰጥ ተበተነ። እኔ በበኩሌ ከሦስቱም ጋር አልስማማም። ምክንያቴን በቃል ለመናገር የተሰጠኝ አምስት ደቂቃ ስላልበቃኝ በዚህች መጽሔት አቀርባለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደሆነ እንነጋገር። «ትሪገር ፖይንት» የሚባለውን በአማርኛ «ቃታ ነጥብ» ብንለው ከነትርጉሙ ይመጣል። የጠመንጃ ቃታ እዚህ ይሳባል፤ ጥይቱ እዚያ ያርፋል። በጡንቻ ውስጥ እንደ ክር የጠበቀ መስመር፣ በመስመሩም ላይ ምስር ወይም አተር የሚያህል ቋጠሮ በጣት ይገኛል። ያንን ሲጫኑት ሕመምተኛው የሚያውቀው ሕመም ይቀሰቀሳል። ብዙ ጊዜም የሚሰማው ጣቱ ካረፈበት ቦታ ራቅ ብሎ ነው። «አዎ፣ እሱ ነው! ግን እኮ ግንባሬን ነው የሚያመኝ፤ አንቺ የምትነኪው ትከሻዬን ነው» ትላለች የታመመችው፤ በመገረም።

ይህ መገረም የሳይንስ መሠረት አለው። በ1938 ዮናስ ኬልግረን የተባለው ሐኪም ለንደን ውስጥ ጨው የበዛበት ውኃ በራሱና በበጎ ፈቃደኞች ጡንቻ ውስጥ እየወጋ ሕመሙ የት እንደሚሰማ መዘገበ። ሕመሙ ከተወጋበት ጡንቻ ርቆ፣ ግን በዘፈቀደ ሳይሆን መልክ ባለው ሁኔታ እንደሚሰማም አሳየ። ከዚያ በኋላ አሜሪካዊቷ ሐኪም ጃኔት ትራቬል (1901–1997) የየጡንቻውን የሕመም ካርታ በትዕግሥት ስትሥል ዕድሜዋን አሳለፈች። ከጓደኛዋ ከዴቪድ ሳይመንስ ጋር ሆና የመጀመሪያውን ትልቅ መጽሐፍ በ1983፣ ሁለተኛውን ቅጽ በ1992 አወጣች። (ይህ ሳይመንስ በነሐሴ 1957 በባሉን ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰማይ የወጣው የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም ነው። ከዚያ ከፍታ ወርዶ ቀሪ ዘመኑን የምስር ፍሬ የሚያህል ቋጠሮ ሲፈልግ መኖሩ ሁልጊዜ ያስደስተኛል።)

የትራቬል ስም የወጣው ግን በመጽሐፉ ብቻ አይደለም። ጆን ኬኔዲን ገና ሴናተር ሳሉ ከ1955 ጀምሮ ስለ ወገባቸው ሕመም ታክማቸው ነበር። በ1961 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የዋይት ሐውስ ሐኪማቸው አደረጓት፤ በዚያ ሥራ ላይ የመጀመሪያዋ ሴት ነች። የኬኔዲ ተወዛዋዥ ወንበር በእርሷ ምክር የመጣ ነው፤ አጭር ለሆነው እግራቸው የጫማ ተረከዝ ከፍ ያስደረገችውም እርሷ ነች። ከዚህ ሁሉ ጋር ግን ፕሮኬይን የተባለውን ማደንዘዣ በጡንቻቸው ላይ አዘውትራ ትወጋ ነበር። ነገሩ ያሳሰባቸው ሌሎች ሐኪሞች በዚያው ዓመት መጨረሻ ሐንስ ክራውስ የሚባለውን ሐኪም አስጠሩ። ክራውስ መርፌው ቀርቶ ፕሬዚዳንቱ በየጊዜው የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲሠሩ አደረገ፤ ወገባቸውም ተሻለው። የጡንቻ መርፌ በታሪኩ ከደረሰበት ከፍተኛ ሥልጣን ላይ የተሻረው በስፖርት ነው ማለት ይቻላል። የመርፌው ሐሳብ ደጋፊዎች ይህን የታሪክ ክፍል አላነሡትም።

ቋጠሮው እንዴት ይፈጠራል ለሚለው ሳይመንስ የሰጠው ማብራሪያ እንደሚከተለው ነው። ጡንቻ ለመኮማተር ብቻ ሳይሆን ለመላላትም ጉልበት ይፈልጋል። ካልሲየሙን ወደ መጋዘኑ የሚመልሰው ፓምፕ የሚሠራው በኤቲፒ፣ ማለትም በሕዋሱ ነዳጅ ነው። ነርቭና ጡንቻ በሚገናኙበት ቦታ አሴቲልኮሊን ከልክ በላይ ሲፈስ ያ ትንሽ ክፍል ተኮማትሮ ይቀራል። ሲኮማተርም የራሱን ደቃቅ የደም ሥሮች ይጨፈልቃል፤ ደም ሲያንሰው ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ነዳጁም ያልቅበታል። ነዳጅ ሲያልቅበት መላላት ያቅተዋል። በዚያው የሚጠራቀሙት ኬሚካሎች የሕመም ነርቮችን ይቆሰቁሳሉ። በራሱ ጅራት ላይ የሚዞር እባብ ማለት ነው።

ማብራሪያው ያማረ ነው። ያማረ ማብራሪያ ሁሉ ግን እውነት አይደለም፤ በዚህ ረገድ «የፈረንጅ ወጌሻነት» የሚሉት ወገኖች የያዙት ሐቅ እንዳለ አልክድም። በ1992 በታተመ ጥናት የዘርፉ አዋቂዎች ማን በሽተኛ ማን ጤነኛ እንደሆነ ሳይነገራቸው ሰዎችን በእጃቸው እንዲመረምሩ ተደረገ። የጠበቀውን ክር በጤነኞቹም በሕመምተኞቹም ላይ በተቀራረበ መጠን አገኙት። በ1997 የወጣ ሌላ ጥናት መርማሪዎቹ አስቀድመው አብረው ከሠለጠኑ ሊስማሙ እንደሚችሉ አሳየ። ይህ ደግሞ በሌላ አነጋገር ያልሠለጠነ እጅ አይታመንም ማለት ነው። በ2005 ጄይ ሻህና ባልደረቦቹ በቀጭን መርፌ ከትከሻ ጡንቻ ፈሳሽ ቀድተው ሕመም የሚቀሰቅሱት ኬሚካሎች በሚያመው ቋጠሮ ውስጥ በዝተው አገኙ፤ የተመረመሩት ሰዎች ግን ጥቂት ነበሩ። በ2015 ደግሞ ኩዊንትነር፣ ቦቭና ኮኸን የቋጠሮው ቲዎሪ ፈርሷል፤ ሕመሙ ከነርቮቹና ከነርቭ ሥርዓቱ መቆጣት የመጣ እንጂ ከጡንቻው አይደለም ብለው በጽኑ ተከራከሩ። ክርክሩ አልተዘጋም።

ታዲያ ቲዎሪው ካከራከረ ሥራውም መተው አለበት? እኔ አይመስለኝም። በሙከራ የታየው ቋጠሮውን በጣት መጫንም ሆነ በመርፌ መውጋት ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ሕመም እንደሚያስታግስ ነው። ለረጅም ጊዜ ስለሚሰጠው ጥቅም ያለው ማስረጃ ደካማ ነው። ለእኔ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ምክንያቱም ጣትና ኳስ ዋጋቸው ምንም ያህል ነው፤ ጉዳታቸውም ጥንቃቄ ከተደረገ እጅግ ትንሽ ነው። ዛሬ ማታ ትከሻዋ ላልቶ የምትተኛ ሰው ነገ አንገቷን ማዞርና መንቀሳቀስ ትችላለች። የሚያድነው ይበልጡን እንቅስቃሴው ነው። ስለዚህ አቋሜ አጭር ነው፦ እንጠቀምበት፤ አናምልከው።

በወጌሻ ስም የሚቀርበው ንቀትም መልስ ይፈልጋል። አገር ቤት የማጅራት ሕመም «ብርድ መታኝ» ይባላል፤ ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ፣ ቋጠሮውን በአውራ ጣቱ አድኖ ይጫነዋል። ትራቬል ከመወለዷ በፊት ይህ ሥራ ነበር። የምንኖርበት ክፍለ ዓለምም ከዚህ የራቀ አይደለም። ኢብን ሲና (980–1037) በሕክምና ቃኑኑ ውስጥ ስለ ማሸት ጽፏል፤ ጠንከር ያለው ሰውነትን እንደሚያጠብቅ፣ ለስለስ ያለው እንደሚያላላ ለይቶ አስቀምጧል። የእኛ ዋግምትና የዓረቦቹ ሒጃማም ዘመዳሞች ናቸው። እርግጥ ወጌሻን ጻድቅ አላደርገውም። የተሰበረ አጥንት በቀርከሃ አጥብቆ አስሮ ደም ከልክሎ ጋንግሪን ያስገባባቸውና እጅ እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት በአገራችን ሆስፒታሎች የታወቁ ናቸው። ስብራት ለወጌሻ አይሰጥም። ነገር ግን በአንድ ሥራው ስለበደለ በሌላው ሥራው የያዘውን እውቀት መናቅ የተማረ ሰው ጠባይ አይደለም። በተለይ ያንኑ እውቀት በእንግሊዝኛ ሲያነብ የሚያጨበጭብ ሰው ሲሆን ነገሩ ያስቃል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የእኛ የተማሪዎቹ ሕመም በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። አንገትን ወደ መጽሐፉ ወይም ወደ ኮምፒዩተሩ ቀልሶ፣ ትከሻን ወደ ጆሮ ሰቅሎ እስከ ሌሊት መቀመጥ። ከማጅራት ወደ ትከሻ የሚወርደው ትልቁ ጡንቻ በትራቬል ካርታ መሠረት ሕመሙን በአንገት ጎን ወደ ላይ፣ ከጆሮ ጀርባ ዞሮ ወደ ሰሌን ይልከዋል። መነጽሩን ሁለት ጊዜ ያስለወጠ፣ የራሱ ምታት ግን ያልለቀቀው ጓደኛ ካላችሁ ትከሻውን ጫን ብላችሁ ጠይቁት። ከራስ ቅል ሥር ያሉት ትንንሾቹ ጡንቻዎች ጭንቅላትን በመቀነት እንደታሰረ ያደርጋሉ። በትከሻ አጥንት ጀርባ ላይ የተነጠፈው ጡንቻ ደግሞ ሕመሙን ወደ ትከሻ ፊት ለፊት ይወረውረዋል፤ ሰው ፊት ለፊቱን እያሸ ይኖራል፤ ጥፋተኛው ግን ከኋላ ተቀምጧል። የመቀመጫ ትንሹ ጡንቻ በጭንና በባት ጎን እስከ ቁርጭምጭሚት ሲያወርደው «ነርቤ ተነካ» ተብሎ ይለቀሳል።

የእህቶቻችን ካርታ ከዚህ ይለያል። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ሲጨመቅ የክንድ ጡንቻዎች ይታወካሉ፤ ሕመሙ በክርን ውጫዊ ጎንና በእጅ ጀርባ ላይ ይሰማል፤ ስኒ መያዝ ያቅታል። ልብስ ሲተኮስ፣ መስኮት ሲወለወል፣ ምንጣፍ ሲራገፍ ትከሻ ያልቃል። ጎንበስ ብሎ ወለል ሲወለወል ከጎድን አጥንት እስከ ዳሌ የተዘረጋው የወገብ ጡንቻ ይጠብቅና ሕመሙን ወደ መቀመጫ ይልከዋል፤ ከአልጋ መነሣትና ማስነጠስ እንኳ ያስጨንቃል። ባለፉት እሑዶች ያነጋገርኳቸው አብዛኞቹ ይህን «ኩላሊቴን ነው» ብለው ነው የሚገልጹት። ኩላሊት ነው ብለውም ውኃ ይጠጣሉ፤ ክኒን ይውጣሉ። ክኒኑ ግን እውነተኛውን ኩላሊት የሚጎዳ ዓይነት ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀናት መልካም ናቸው። ለወራት በባዶ ሆድ ሲዋጡ ግን ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ኩላሊትን ያደክማሉ፤ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ ዲክሎፌናክ በተለይ ለልብ አደጋ አለው። «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» የሚለው ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው እምነትም ይቅር፤ በመቀመጫ ላይ ያለቦታው የተወጋ መርፌ የእግርን ትልቅ ነርቭ ጎድቶ እግር የሚያስጎትት መሆኑን በትምህርታችን እናውቃለን።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። የቴኒስ ኳስ በረጅም ካልሲ ውስጥ ይከተታል። ካልሲውን በትከሻ ላይ አንግቶ ኳሱን በጀርባና በግድግዳ መካከል ማስገባት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እየተንሸራተቱ ቋጠሮውን መፈለግ ነው። ሲገኝ ይታወቃል፤ «እዚያው ነው» ያሰኛል። የሚጫኑት ሕመሙ የሚቻል፣ እንዲያውም ጣፋጭ የሚመስል እስኪሆን ብቻ ነው፤ ትንፋሽ ካስያዘ ወይም ፊት ካስጨማደደ በዝቷል። ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ ድረስ በዚያው መቆየት፣ ሲላላ ጥቂት መጨመር፣ ከዚያ መልቀቅ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ሁለት ሦስት ነጥብ ይበቃል። ለክንድ ኳሱን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ክንዱን ማሳረፍ ነው። የቀድሞዎቹ መጻሕፍት ደም እስኪከለከል ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑ ይሉ ነበር፤ በ1999 የወጣው የትራቬልና የሳይመንስ መጽሐፍ ሁለተኛ እትም ግን ይህን ትቶ ለስላሳውን መረጠ። ሰማያዊ እስኪሆን ማሸት ጀግንነት አይደለም። ከዚያ በኋላ በሙቅ ፎጣ ማሞቅና ጡንቻውን ቀስ ብሎ መሳብ፣ ማጅራትን ወደ ተቃራኒው ጎን ማዘንበል፣ በማግስቱም መራመድና ትከሻን ማንቀሳቀስ ይገባል። ይህ የመጨረሻው ክፍል ከተዘለለ ቋጠሮው በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይመጣል።

የማይታሽ ሕመም መኖሩን ሳልናገር ባልፍ ግን ይህ ጽሑፍ ከሚጠቅመው ይልቅ ይጎዳል። በአገራችን ቲቢ አለ፤ ቲቢም አከርካሪን ይይዛል። ወገቧን የሚያማት እህት ክብደቷ ከቀነሰ፣ ሌሊት የሚያልባትና ትኩሳት ያላት ከሆነ፣ አጥንቷ ላይ ጉብታ ከታየ ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ኳስ አትላክም። ያልፈላ ወተት ወይም ከእርሱ የተሠራ አይብ በልቶ ትኩሳትና የወገብ ሕመም የሚመላለስበት ሰው ብሩሴሎሲስ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በዚህ አካባቢም በአገራችንም የታወቀ ነው። እግር እየዛለ ከሄደ፣ በሁለቱ ጭኖች መካከል ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ነው። ደረትን ጨምድዶ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ልብ ነው ተብሎ ይጀመራል። አንድ ባት ብቻ አብጦ ሲሞቅ አይነካም፤ በውስጡ ያለው የረጋ ደም ታሽቶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። የአንገት ፊት ለፊት፣ የልብ ምት የሚሰማበት ቦታ በማንም ላይ አይጫንም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይታሽም።

ሌላም አለ። ከቤት የማይወጡ እህቶቻችን ፀሐይ በሞላበት አገር ፀሐይ አያገኙም። የቫይታሚን ዲ እጥረት በመካከለኛው ምሥራቅ በተለይ በሴቶች ላይ የተስፋፋ ነው፤ እርሱም አጥንትና ጡንቻን በመላው ያሳምማል፤ ከወንበር መነሣትንና ደረጃ መውጣትን ያከብዳል። መላ ሰውነቷን የሚያማት ሴት ቋጠሮ ሲፈለግላት ከመዋል ይልቅ ደሟ ቢመረመር ይሻላል። የታይሮይድ ዕጢ መድከምም እንዲሁ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ስለ መርፌው ሐሳብ ያለኝን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። እቃወመዋለሁ። ደረቅ መርፌ የሚባለው ሥራ በሠለጠነ ሰው እጅ ስፍራ አለው፤ በ1979 ካረል ሌቪት ሕመሙን የሚያስታግሰው በመርፌው ውስጥ ያለው መድኃኒት ሳይሆን የመርፌው መውጋት ራሱ ሊሆን እንደሚችል ከጻፈ ወዲህ ብዙ ተሠርቶበታል። ነገር ግን የሳንባ ጫፍ ከትከሻው ጡንቻ በታች፣ ከአንገት ሥር ድረስ ይወጣል። ቀጭን ሴት ላይ ይህ ርቀት በጣም ትንሽ ነው። መርፌው ካለፈ አየር በሳንባና በደረት መካከል ይገባል፤ ሳንባ ይሟሽሻል። ይህ የሚደርሰው ግን በማን ላይ ነው? የመኖሪያ ወረቀቷ በአሠሪዋ እጅ ባለ፣ ማታ ትንፋሽ ሲያጥራት ሆስፒታል የሚያደርሳት በሌለ፣ ብትደርስም «ማን ወጋሽ?» ስትባል መልስ በሌላት እህት ላይ ነው። ፈቃድ የሌለን ተማሪዎች ነን። ለመማር እጃችንን የምናፍታታበት ሰው የሚያስፈልገን ከሆነ፣ መከራከር በማይችሉት ላይ አይሁን። ስብሰባው ላይ «እነሱ ራሳቸው ይፈልጉታል» ተብሏል፤ መፈለጋቸው የእኛን ኃላፊነት አይቀንሰውም።

ሦስተኛው ሐሳብ ከሁሉ የሚከብደኝ ነው፤ አብዛኛው እውነት ስለሆነ። በምንኖርባት በሊባኖስ የ1946ቱ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ አውጥቷቸዋል፤ የሥራ ሰዓት ገደቡም፣ ዕረፍቱም የተጻፈው ለሌላው ነው። ቀሪው ሁሉ በካፋላ፣ ማለትም በአሠሪው ዋስትና ሥር ነው። በሰኔ 2020 ኢኮኖሚው ሲወድቅ አሠሪዎቻቸው ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ሻንጣቸውን ይዘው የጣሏቸው እህቶቻችን በመንገድ ላይ ማደራቸውን ዓለም አይቷል። በቀን 14 ሰዓት የምትወለውልን ሴት ትከሻ ያጠበቀው አሴቲልኮሊን ነው ብሎ መደምደም በእርግጥም የዋህነት ነው። የሥራ ሰዓቱ ካላጠረ ኳሱ በየማታው ያላላውን ወለሉ በየጠዋቱ ያጠብቀዋል።

ነገር ግን «ሕጉ እስኪለወጥ» የሚለው መልስ የሚቀለው ለማያመው ሰው ነው። ትከሻዋ ሌሊት የሚያነቃትን እህት የእኛ ትንተና አያስተኛትም። ሌላም ነገር አስተውያለሁ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠው አንዷ «እኔን እዚህ ጋ ነው የሚያመኝ» ስትል ሌላዋ «እኔንም!» ትላለች፤ ወሬው ከትከሻው ተነሥቶ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ፣ ማን የዕረፍት ቀን እንዳለው፣ ማን ደመወዝ እንዳልተከፈለው ሳይጠየቅ ይሄዳል። ዓይን አፋር የሆነችው እንኳ ስለ ወገቧ ስትጠየቅ ትናገራለች። የሕግ ኮሚቴያችን ሰብስቦ ያላገኘውን ወሬ ኳስ ያመጣዋል ብል ብዙ አላጋነንኩም። የሕግ ኮሚቴው አባላት በዚህ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይህን አቀርባለሁ። ከወሩ እሑዶች በሁለቱ፣ ከሻይ በፊት አንድ ሰዓት ለዚህ ይመደብ። የሚያስተምሩት ሴት የሕክምናና የነርሲንግ ተማሪዎች ይሁኑ፤ ወንድሞቻችን ሻይ ያፍሉ፣ ኳስና ካልሲ ያቅርቡ። በማንም ሰው ላይ እጅ አይጫንም፤ እያንዳንዷ ራሷን በራሷ ማሸት ትማር፤ ሰኞ ማታ በአሠሪዋ ቤት፣ በወጥ ቤቱ ጥግ ባለው አልጋዋ ላይ እኛ አንኖርምና። መርፌ አይኖርም፤ ክኒን አይታደልም፤ ገንዘብ አይጠየቅም። ቁጭ ከማለታቸው በፊት ከላይ የጠቀስኳቸው የአደጋ ምልክቶች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ይነበቡ፤ አንዱ ያለባት ካለች አጅቦ ወደ ክሊኒክ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ይመደብ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ካልተፈቀደ ቀሪውንም ባንጀምረው እመርጣለሁ።

የመጀመሪያው ትምህርት በክንድ ቢጀመር ይሻላል። ልብስ ማውለቅ አይፈልግም፤ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፤ ጨርቅ ጨማቂ ሁሉ ያለበት ሕመም ነው። ሃያ ኳስ ይበቃናል።